ቤንዚን የረከሰ ቀን

እኔ የፋብሪካ ዘበኛ ነኝ። ቤንዚን መወደዱን ለማወቅ ሬዲዮ አያስፈልገኝም፣ በሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። መኪና ማቆሚያ ጠፋ ብለው ጠዋት ጠዋት ሲነታረኩብኝ የነበሩት ሁሉ፣ ዋጋው የጨመረ ሰሞን ግማሾቹ በእግራቸው፣ ግማሾቹ አንድ መኪና ውስጥ ተጠቅጥቀው ከች ይላሉ።

ዝምተኛው እንደገና ሰው የሆነው ያኔ ነው። ዝምተኛው የምንለው ማሽን ጠጋኛችንን ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሰላምታ ሌላ ቃል አይወጣውም ነበር። ምሳውን እንኳ መኪናው ውስጥ በሩን ዘግቶ ነው የሚበላው። መኪናዋ ትንሽ ናት፣ ቤንዚን ብዙም አትጠጣም። እዚሁ የሚሠሩ ሦስት ጎረቤቶቹ የራሳቸውን መኪና ቤት አቁመው ከእሱ ጋር መምጣት ጀመሩ። ወይ ጉድ! ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። ሲገቡ ሳቃቸው ከመኪናዋ ቀድሞ ይሰማል። የኋላው ወንበር ይቆረቁራል ብለው ቢያሾፉበት፣ ትራስ ገዝቶ አደረገበት። አንድ ቀን እንዲያውም መስኮቱን አውርዶ፣

«ጋሼ፣ ከዚህ በር ጋር ተጋባህ እንዴ?» አለኝ።

«ዞር በል ከዚህ!» አልኩት፣ ደስ ብሎኝ።

ከዚያ ቤንዚን ረከሰ። በማግስቱ ሦስቱም በየመኪናቸው ገቡ። ዝምተኛው አርፍዶ ብቻውን መጣ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«በየበራቸው ቆሜ ክላክስ ሳደርግ ነበር» አለ። «ለካ ሄደዋል።»

አንጀቴን በላው። አሁን አንድ ስልክ ቢደውሉለት ምን ነበረበት? የእነሱን ነገር ሳስብ ቀኑን ሙሉ ስበግን ዋልኩ።

ከሥራ ሲወጣ አጠገቤ አቆመ። ተረኛው ተክቶኝ እኔም ልሄድ ነበር።

«ቤትህ በየት በኩል ነው ጋሼ? ላድርስህ።»

«ያውልህ፣ ከአጥሩ ጀርባ! ጣሪያው ይታይሃል እኮ» ብዬ ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ መሪውን ማሻሸት ያዘ። ትራሱ አሁንም ኋላ ወንበር ላይ ነው።

«እሺ፣ አድርሰኝ» ብዬ ገባሁ።

ከአጥሩ ጀርባ ለመድረስ ከተማውን ዞርን። ስለ ሚስቱ አወራኝ፣ እሷ መኪና ውስጥ መዝፈን ትወድ እንደነበር። ቤቴን ሁለቴ አለፍነው።

«ኧረ ቤንዚንህን ጨረስከው!» አልኩት።

«ረክሷል እኮ» አለና ዓይኑን ጠረገ።