ፋሻውን የሚጠቀልለው ሰው

ተሸንፎ የማያውቀው ቡጢኛ ቀን ቀን ጎሚስታ ቤት ጎማ ይፈታል። ግጥሚያ ባለው ቀን ከሰዓት ፈቃድ ሲጠይቅ አለቃው «ፊትህን እንዳታስበላሽ፣ ደንበኛ ይሸሽብኛል» ይለዋል። ፊቱ ደህና ነው። በጎማውም ሆነ በቡጢው እንጀራ የሚያበላው ግን ቀኝ እጁ ነው።

ያንን እጅ በፋሻ የሚጠቀልልለት ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ወንድም ጋሼ ይለዋል። ወንድም ጋሼም ቡጢኛ ነበር፤ እሱም አንድም ቀን ሳይሸነፍ ነው ያቆመው። አሁን የሻዩ ግማሽ ሸሚዙ ላይ ይቀራል፣ የነገሩትንም ወዲያው ይረሳል። እናታቸው ታናሹን «ከጎንህ አታርቀው፤ ቤት ከዋለ ግድግዳ ሲያይ ነው የሚውለው» ብላዋለች።

በዘጠነኛው ግጥሚያ ቀን፣ ከአዳራሹ ስር ባለው ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ ወንድም ጋሼ ተንበርክኮ መጠቅለል ጀመረ። ግራውን እንደምንም ጨረሰ። ቀኙ ላይ ጣቶቹ ተንቀጠቀጡና ፋሻው አንጓው ጋ ላላ።

አሰልጣኙ ጎንበስ ብሎ «ልፍታውና እኔ ልሥራው» አለው ቡጢኛውን።

«ተወው።»

«እጅህ ነው እኮ! ጓንቱ ውስጥ ትራስ ያለ መሰለህ?»

«ተወው አልኩህ።»

ወንድም ጋሼ ቀና አለ። «ምን እያላችሁ ነው?»

«ጎበዝ ነህ እያልን ነው» አለው ቡጢኛው።

«እሱንማ መች አጣሁት!»

ተጋጣሚው አንገቱን ደፍቶ የሚገባ ሰው ነበር። በሦስተኛው ዙር የቡጢኛው ቀኝ እጅ የተጋጣሚው ግንባር ላይ አረፈ። የእጁ አጥንት ሲሰበር ቡጢኛው ራሱ ሰማው። የቀረውን በግራው ተጫውቶ በነጥብ አሸነፈ። ዳኛው ያሸናፊውን እጅ ሲያነሳ የያዘው ቀኙን ነበር። ቡጢኛው ጮኸ፤ ሕዝቡ ግን ጩኸቱ የደስታ መሰለው።

ሐኪሙ ፋሻውን በመቀስ ቆረጠ።

«ማነው እንዲህ የጠቀለለህ?»

«ራሴ ነኝ።»

ባልዲ ይዞ በር ላይ የቆመው ወንድም ጋሼ ደረቱን ነፋ። «ውሸቱን ነው ዶክተር! እኔ ነኝ። ሁሌም እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ በባልዲው ውስጥ የሚናጠውን ውሃ አየና ወደ ተሰበረው እጅ ተመለሰ።

እጁ ሲድን ጎሚስታ ቤቱ በቦታው ሌላ ሰው ቀጥሮ ቆየው። ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ የሚኖረው በግጥሚያ ብቻ ሆነ። በአሥረኛው ግጥሚያ ቀን ወንድም ጋሼ እንደልማዱ ሲንበረከክ ቡጢኛው እጁን ሰበሰበ።

«ዛሬ አሰልጣኙ ይጠቅልልልኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

«እኔስ?»

«አንተ ውሃ ትይዝልኛለህ።»

«ውሃማ ማንም ይይዛል።»

ተነስቶ ወጣ። አሰልጣኙ ፋሻውን ጥብቅ አድርጎ ሠራው። ቡጢኛው ተጋጣሚውን በሁለተኛው ዙር ዘረረው፤ እጁንም ምንም አልነካው።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ ወንድሙ የለም። ዘበኛውን ጠየቀው።

«ቀደም ብሎ ወጣ። ‹ቤቴ በየት በኩል ነው?› አለኝ። እኔ በምን አውቃለሁ? የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።»

ቡጢኛው ጓንቱን ሳያወልቅ ወደ መንገዱ ሮጠ።