የአቶ አስናቀው አውራ ጣት

አባቴ ጥጋቡ በዕድሜው ከሠራው ሁሉ በአንድ ነገር ብቻ አመሰግነዋለሁ፤ እናቴን ለማስመለስ መርካቶ ድረስ ሽማግሌ በመላኩ።

እናቴ ቦሰና ከማግባቷ በፊት ሆስፒታል ውስጥ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ተምራ ነበር። ድሬሰር ነበረች። አባቴ ግን የሌላ ወንድ ገላ ስትነኪ አላይም ብሎ ቤት አስቀመጣት፤ ቤት ካስቀመጣት በኋላ ደግሞ ይደበድባት ጀመር። ስትሸሽ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹም ሁለተኛ እጁን እንዳያነሳ ዋስ አስጠርተው ይመልሷታል። የመጨረሻው ዋስ አቶ ወልደሚካኤል የሚባሉ የተከበሩ ሰው ነበሩ። እሳቸው ዋስ በሆኑ በሳምንቱ ጥርሷን አወለቀው።

ወገን ያላት ሴት ብትሆን ኖሮ አባቷ ወይም ወንድሟ ሄዶ ዋሱን አንቆ ይይዝላት ነበር። እናቴ ግን በልጅነቷ ከክርስትና እናቷ ጋር ከጎጃም የመጣች ናት፤ እሳቸውም ከሞቱ ቆይተዋል። አባቴ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጥርሷን ካወለቀ በኋላ እኔን ወስዶ ጉለሌ እህቱ ቤት አስቀመጠኝ፤ ልጇን ትታ የት ትደርሳለች ብሎ ነው። እሷ ግን የመርፌ መቀቀያዋን ይዛ ወጣች። ብትቆይ ኖሮ የምታሳድገኝ እናት እንደማትኖረኝ ገብቷት ነበር። እኔ ይህ የገባኝ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው።

አንዋር መስጊድ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች። የቤቱ ባለቤት ሐጀራ ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ በርበሬ ሲመዝኑም ሆነ ኮረሪማ ሲለኩ ለገዢው ሁሉ ስለ እናቴ ይናገራሉ። እጇ አያምም፣ መርፌዋም ንጹሕ ነው ይላሉ። እንዲህ ቤት ለቤት እየዞረች ሕመምተኛ ማስታመም ጀመረች። እግዜር ይስጣቸው፣ ምላሳቸው ያበላን ሴት ናቸው።

ከሕመምተኞቿ አንዱ የሸማ ተራው ነጋዴ አቶ አስናቀው ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም፣ ቀኝ ጎናቸው ደግሞ ከራስ እስከ እግር ሽባ ሆኗል። ነጭናጫ ሰው ነበሩ። ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ትራሱ ዝቅ አለ፣ አየሩ ከበደ ይላሉ። እናቴ ከመተኛት የወጣባቸውን ቁስል ታጥባለች፣ ገላቸውን ታገላብጣለች፣ የቀኝ እጃቸውንም ጣቶች በቅባት ታሻለች። የሞተ ነገር አትሺ፣ ተይው ይሏታል። እሷም አትተወውም። እያሸች የእኔን ነገር አጫወተቻቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትገባ ስለ ሾርባው ከመነጫነጫቸው በፊት የልጅሽ ወሬ ተገኘ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ወሬ አልነበረም።

አባቴ ያለችበትን የደረሰበት በዚህ ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እናቴ አቶ አስናቀውን ስታጥብ ስለነበር እዚያው መኝታ ክፍል ገብተው ተቀመጡ። መሪያቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኒያው አቶ ወልደሚካኤል። አቶ አስናቀው እንዲያሰናብቷት በትሕትና ለመኑ። ጥፋት ከሁለቱም ወገን አይጠፋም አሉ፣ ልጅ አለች አሉ፤ በመጨረሻም ይህች ሴት ዘመድ እንደሌላትና ዘመዷ ባሏ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። እናቴ ፎጣውን ይዛ ግድግዳው ስር ቆማለች። ከተመለሰች እንደምትሞት ታውቃለች፤ ካልተመለሰች ደግሞ እኔን እንደማታየኝ።

አቶ አስናቀው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ከሐጀራ ሱቅ ማር እንዲመጣላቸው አዘዙ። ሽማግሌዎቹ ለመድኃኒት መስሏቸው ጠበቁ፤ አንደኛውማ ማር ለሳል ጥሩ ነው ብለው አድንቀዋል። ማሩ ሲመጣ በዚያ በጠመመው አፋቸው፣

«ቦሰና፣ ቀኝ አውራ ጣቴን አንሺና ማሩ ውስጥ ንከሪው» አሏት።

ያኔ ሁሉም ገባቸው። ጡት ማጥባት ነው። አንድ ሰው ያልወለደውን ልጄ ነው ሲል በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል፤ ከዚያ በኋላ የጡት አባት ነውና የሚለያያቸው የለም። እናቴ ያን ስታሸው የከረመችውን በድን ጣት በሁለት እጇ አንስታ፣ ማር ነክራ፣ ተንበርክካ ጠባች። ማሩ ከእንባዋ ጋር እየተቀላቀለ አገጯ ላይ ይወርድ እንደነበር ሐጀራ ነግረውኛል። የማር ዕቃቸውን ሊወስዱ መጥተው በር ላይ ቆመው ነበርና።

ምስክር ያስፈልግ ነበር፤ ምስክሮቹን ደግሞ አባቴ ራሱ መርጦ ልኳቸዋል።

«እንግዲህ አባቷ ነኝ» አሉ አቶ አስናቀው። «ልጄ ባለፈው ስትመለስ ዋሷ ማን ነበር?»

አቶ ወልደሚካኤል ብድግ አሉና ኩታቸውን አጣፉ።

«እኔ ነበርኩ» አሉ።

«ጥርሷን እይልኝ። ከዚያ የልጅ ልጄን አምጣልኝ።»

አቶ ወልደሚካኤልን ክፉ ሰው ነበሩ ብዬ አላውቅም። ጠያቂ እስኪመጣ ድረስ የተኙ ሰው ነበሩ። ያን ዕለት ከዚያ ቤት ወጥተው በቀጥታ ጉለሌ መጡ። ዋስነታቸውን ያዋረደባቸው ሰው ልጅቷን ሊከለክላቸው እንደማይችል ለአክስቴ ነግረው፣ እጄን ይዘው በጋሪ ወደ መርካቶ ወሰዱኝ። አባቴ ሸንጎ አቆማታለሁ ብሎ ፎከረ። የሚቆምለት ሽማግሌ ግን አጣ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ የእናቴ ምስክር ሆነዋል።

እናቴ እንዴት እንደተቀበለችኝ አልጽፍም፤ ብሞክርም አይሆንልኝም። የምጽፈው በማግስቱ ስለሆነው ነው። ለአዲሱ አያቴ ውኃ እንዳቀብል ተላክሁ። ብርጭቆው ከእጄ አመለጠና አልጋው ስር ተሰበረ። እኔም እንደለመድኩት ቁጢጥ ብዬ ሁለት እጄን ጭንቅላቴ ላይ አደረግሁ። ጠበቅሁ። እናቴ ደርቃ ቀረች።

«ሙሉብርሃን» አሉ አያቴ፣ «እጅሽን አውርጂ። በዚህ ቤት ያለው የወንድ እጅ የእኔ ብቻ ነው፤ እሱንም የምታነሳው እናትሽ ናት።»

እናቴ ሳቀች። ስትስቅ ሰምቼ ስለማላውቅ ቀና ብዬ አየኋት፤ እጄ ያኔ ሳላስበው ወረደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ብዙ ብርጭቆ ሰብሬአለሁ።