የሞንካርዶ ታችኛው ግማሽ

ቪጂን ጎረቤቴ ነው። አርባ ስምንት ዓመት አጥር ተጋርተን ስንኖር በሦስት ነገር ጠርጥሮኛል፦ ደብዳቤዬን ከፍታ ታነባለች፣ የወይን መቀሴን ሰርቃለች፣ ዶሮዎቿ ዘለላዬን ይበሉብኛል ብሎ። የዶሮዎቹ እውነት ነው። በቀሩት ግን በእመቤታችን እምላለሁ፣ እጄ የለበትም። እሱ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚያየው ኪሴን ነው።

ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ሲታመም ሾርባ ይዞ ይመጣል፣ በረዶ ሲወርድ የመበለቶችን ደጅ ይጠርጋል። መጠርጠር ግን ሌላውን ሰው ትንባሆ እንደሚይዘው ይዞታል። ከምድር ቤቱ ከመውጣቱ በፊት በየበርሜሉ ያለውን ወይን ጠጅ በእንጨት ይለካና እንጨቱን ራሱን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። በሩን ቆልፎ ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል። ሰው ቤት ሲጋበዝ የራሱን ብርጭቆ በመሐረብ ጠቅልሎ ነው የሚሄደው፤ "በምን እንዳጠቡት ምን አውቃለሁ?" ይላል። ጎልማሳ ሳለ ታላቅ እህቴን ኢርማን ለትዳር ጠየቃት። እሷም ወዲያው እሺ አለች። ቶሎ እሺ ማለቷን ጠረጠረና ቀረ። ኢርማ አስቲ ከተማ ሄዳ አገባች፣ አምስት ወለደች፤ እሱ ብቻውን ሾርባውን ይጠጣል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የምትለዋን ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ ይደግማታል።

ወይን ጠጅ ላይ ሲደረስ ደግሞ መንደሩ በሙሉ የቪጂን ተማሪ ነው። የምንኖረው ባሮሎ የሚባለው ወይን ጠጅ በሚጠመቅባቸው የሰሜን ጣሊያን ኮረብታዎች ላይ ነው፤ የወይናችን ዘር ኔቢዮሎ ነው፣ ኔቢዮሎ ደግሞ ጥቁር ጠጅ አይሰጥም። ቀለሙ ስስ ነው፤ ሲያረጅ ጠርዙ ወደ ሸክላ ይሄዳል። ሲያሸቱት ጽጌረዳና ሬንጅ ባንድ ላይ ይመጣል። ልጅ ሳለ ድድ ጨምድዶ ይይዛል፣ ዓመታት ሲያልፉበት ይለሰልሳል። ስለዚህ ጠጁ ከጠቆረ "ይህ ከደቡብ በባቡር የመጣ ነው" እንላለን፤ ከሳሳ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል ለማለት "ጉድጓዱ ቅርብ ነው" እንላለን። ልኩን ለማወቅ ቪጂን ያመጣው ዘዴ አለ፤ ብርጭቆውን ከነጭ ሸሚዝ እጅጌ ፊት መያዝ ነው። የእጅጌው ስፌት መታየት አለበት፤ ክሩ ግን መቆጠር የለበትም። ዛሬ ቄሱም ሥጋ ሻጩም ሳያዩ አይጠጡም።

አንድ ወንድም አለው፤ ሴንሲን ይባላል፣ በአራት ዓመት ያንሰዋል። አባታቸው ሞንካርዶ የሚባለውን ኮረብታ ትቶላቸው ሲሞት ዕጣ ተጣጣሉ። የላይኛው ግማሽ ለቪጂን፣ የታችኛው ለሴንሲን ወጣ። በመጀመሪያው ዓመት፣ በኅዳር፣ በቅዱስ ማርቲኖ ዕለት፣ እንደ ልማዳችን ሰው ሁሉ አዲሱን ጠጅ ይዞ እኛ ግቢ ተሰበሰበ። ከአልባ ከተማ የመጡ ሁለት ገዢዎችም ነበሩ። ሴንሲን ቅድሚያ ለወንድሙ ቀዳለት። ቪጂን ብርጭቆውን ከእጅጌው ፊት ያዘው፤ ክሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ሳይቀምሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣

"የታችኛው ግማሽ ለጉድጓዱ ይቀርባል" አለ።

ይችው ናት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ገዢዎቹ ተያዩ። ሴንሲን ቆቡን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ አንድ ዓመት ወንድማማቾቹ ቃል አልተለዋወጡም፤ በቤታቸው መካከል ያለው ግን ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው።

የባሰው የደረሰው በሴንሲን ጠጅ ላይ ነው። የሞንካርዶን ስም ለጥፎ ቢያወጣው "ውሃው ነው?" እያሉ ይመልሱለታል። ስለዚህ ያለ ስም፣ በጅምላ፣ ለቱሪን ቡና ቤቶች ሲሸጠው ኖረ። እኔ ራሴ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ብዙ ዓመት ውሃ ጨምሮበታል ብዬ አምኜ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም በራሴ እናደዳለሁ። ሳንባው ከታመመ ወዲህ ልጠይቀው ስሄድ፣ "ዴልፊና፣ ሌላ ምንም አልፈልግም" ይለኝ ነበር፤ "ከመሞቴ በፊት ጠርሙሱ ላይ ሞንካርዶ ብዬ ልጻፍና ሰው ሳይስቅብኝ ይጠጣልኝ።"

ባለፈው ዓመት በግንቦት ከአልባ የወይን ትምህርት ቤት ኦርኔላ የምትባል ልጅ መጣች። በየኮረብታው ካረጁ ተክሎች ቅጠል እየለቀመች ዘራቸውን ታስመረምራለች። ያረፈችው እኔ ቤት ነበር። ቪጂን ከሁለት የወይን ረድፍ ኋላ እየተከተላት ዋለ።

"ማነው የላከሽ?"

"ትምህርት ቤቱ ነው አባቴ።"

"ትምህርት ቤቱንስ ማነው የላከው?"

ሊፈትናት ደግሞ ከእኔ ጓሮ የባቄላ ቅጠል ቀጥፎ ከወይኑ ቅጠል ጋር ደባለቀና በፖስታ ሰጣት። በመቀስ ስርቆት የሚከሰኝ ሰው እንግዲህ ይህ ነው። በማግስቱ ልጅቷ የባቄላውን ቅጠል መለሰችለት፤ ፖስታው ላይ "ይህኛው ለሾርባዎ" ብላ ጽፋበታለች። ከዚያ ወዲህ ትንሽ አከበራት።

ውጤቱን በመስከረም ራሷ ይዛው መጣች። እኔና ቪጂን አጥሩ ሥር ቆመን ስንጨቃጨቅ ደረሰችና አነበበችልን። የላይኛው ግማሽ ኔቢዮሎ ነው። የታችኛው አይደለም። የኔቢዮሎ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በእነዚህ ኮረብታዎች ላይ ሁለቱ ሳይለዩ አብረው ሲያድጉ ኖረዋል። ቅጠሉን አይቶ ማንም ይሳሳታል፤ የፍሬው ቀለም ግን በተፈጥሮው የሳሳ ነው።

"ውሃ ሳይጨመርበት?" አልኳት።

"ጠብታ ሳይጨመርበት።"

ቪጂን ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሳው፤ ማኅተሙን በጥፍሩ ፋቀው። "ሴንሲን ስንት ሰጠሽ?" አላት።

"አንድ ብርጭቆ ጠጅ። በጣም ጥሩ ነበር" አለች ልጅቷ፣ ሳትቀየመው። "እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እነዚህ ተክሎች ከችግኝ ቤት የተገዙ አይመስሉም። ማን እንደተከላቸው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።"

ቪጂን ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ፊቱ አመድ መሰለ። እሷ ከሄደች በኋላ አጥሩን ይዞ ነገረኝ፤ ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው እግሩ የተሰበረ ዓመት ውርጭ የታችኛውን ግማሽ ፈጅቶት ነበር። አባትየው ቪጂንን ችግኝ እንዲገዛ ላከው። ቪጂን ግን ባለ ችግኙን ጠረጠረ፤ ሌላ ዘር ደባልቆ ይሸጥልኛል አለ። ስለዚህ የድሮው ቄስ ምሳ ላይ ሳለ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ከነበረው አሮጌ ወይን ቅርንጫፍ ቆረጠ፣ በገዛ እጁ ሌላ ሥር ላይ አጣበቀ፣ ተከለ። ሴንሲን እቅፍ እቅፉን እያመላለሰ ረዳው። ለአባታቸው ተገዝቶ ነው የመጣው አሉት።

"በዕድሜዬ ያመንኩት አንድ የቄስ ወይን ነው" አለኝ ቪጂን። "እሱም ጉድ ሠራኝ።"

"ቄሱ ኔቢዮሎ ነው አለህ?"

"አልጠየቅኩትም።"

"ለምን?"

"ብጠይቀው ይጠረጥረኛላ።"

ልስቅ ነበር፤ ዓይኑን ሳየው ግን ተውኩት። አርባ አንድ ዓመት የወንድሙን ስም የበላው በገዛ እጁ የተከለው ወይን ነው፤ ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ እሱ ገብቶታል።

"ነገ ሴንሲን ጋ እሄዳለሁ" አለ። "አንቺም ነይ።"

"እኔ ምን ልሠራ?"

"ምስክር ትሆኛለሽ። ኋላ አልመጣም እንዳይል።"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሄድን። ሴንሲን ምድር ቤቱ በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል። ወንድሙን ሲያይ አልተነሳም፤ መነሳትም አይችልም። ቪጂን ቆቡን አወለቀ።

"ውሃ አልነበረም" አለ።

"አልነበረም" አለ ሴንሲን።

"ያሳሳው የቄሱ ወይን ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ፍሬ ከያዘ ጀምሮ። ዘለላው ሲቀላ የኛ አለመሆኑን አየሁ። አንተ ላይኛው ላይ ነበርክ፣ ታች ወርደህ መቼ አየኸው?"

ቪጂን ቆቡን በእጁ አዞረ። ከዚያ በቀስታ፣ "ታዲያ ለምን አልተናገርክም?" አለ።

"አባባ የቀረው አንድ ክረምት ነበር። ሞንካርዶን ያበላሸው ቪጂን ነው ብሎ እንዲሞት አልፈለግኩም።"

"ከሞተ በኋላስ?"

"ከሞተ በኋላማ አንተ ያቺን ቃል ተናገርክ።" ሴንሲን ሳል ያዘው፤ እስኪያልፍለት ጠበቅን። "ከዚያ በኋላ እኔ ሳልሆን አንተ ነህ ብልህ ታምነኝ ነበር? እስቲ በናትህ እውነቱን ንገረኝ።"

"አላምንህም ነበር" አለ ቪጂን።

ሴንሲን የበሩን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝና ከግድግዳው ሥር ካሉት ጠርሙሶች የዘጠኝ ዓመቱን እንዳወጣ ነገረኝ። አወጣሁ፣ ቀዳሁ። ቀለሙ ፀሐይ ስትጠልቅ እንዳለ ሰማይ ነው፣ ጣት ከኋላው ይታያል። የቪጂን ብርጭቆ ወደ እጅጌው ሄደ፤ መለሰው። ጠጣ። አርባ አንድ ዓመት ሲፈርድበት የኖረውን ጠጅ የዚያን ዕለት ገና መቅመሱ ነው። እኔም ጠጣሁ፤ ጽጌረዳው ከብርጭቆው ተርፎ ግቢውን ይሞላል፣ ድድ ላይ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው፣ እንደ ጨዋ ሰው። ከቪጂን ጠጅ ጋር የአንድ ኮረብታ ልጅ መሆኑ አይጠፋም፤ ያኛው ይቆጣል፣ ይኸኛው ይናገራል።

"ከኔ ይበልጣል" አለ ቪጂን። አለቀሰም። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አፍንጫውን በቆቡ ጠረገ።

በቅዱስ ማርቲኖ ዕለት እንደ ወትሮው ሰው እኛ ግቢ ተሰበሰበ። ሴንሲን አሥራ ሁለት ጠርሙስ ላይ በእጁ "ሞንካርዶ" ብሎ ጽፎ ነበር፤ ፊደሉ ይንቀጠቀጣል። ከግድግዳው ሥር ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ቪጂን ለሁሉም ቀዳ፤ ከዚያ መሃል ላይ ቆሞ አንዱንም ሳይደብቅ ተናገረ፦ ችግኙን ስላለመግዛቱ፣ ስለ ቄሱ ወይን፣ ስላላየው ውሃ። "የሰደብኩት ወንድሜን ነው፤ ጥፋቱን የሠራሁት እኔ ነኝ" አለ። የልጅቷንም ወረቀት አሳየ።

ሥጋ ሻጩ ኔታ ጉሮሮውን ጠረገ።

"መሬቱን አንድ ላይ ልትሸጡት ነው እንዴ?"

"ምን?" አለ ቪጂን።

"አይ፣ አርባ ዓመት ተኳርፋችሁ ድንገት ስትታረቁ ጊዜ ነው። ስም ሲጸዳ ዋጋ ይጨምራል።"

"ማኅተሙ የማነው?" አለ ሌላው፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስቶ።

"ባለችግኙ ሞቷል፣ የድሮው ቄስ ሞቷል፣ ግንቡም ፈርሷል" አለች የዳቦ ጋጋሪው ሚስት። "ማን ይጠየቅ?"

"ቅመሱት እንጂ!" አለ ቪጂን። "እስቲ ዝም ብላችሁ ቅመሱት።"

ሁሉም ብርጭቆአቸውን አነሱ፤ ከእጅጌአቸውም ፊት ያዙት። ክሩን ቆጠሩ። አንዱ አንዱን አየ፣ ከዚያ ብርጭቆዎቹ አንድ በአንድ፣ ሞልተው፣ ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። ቪጂን ፊቱ ቀላ፤ ኔታን ሊይዘው እጁን ዘረጋ።

"ተዋቸው ቪጂን" አለ ሴንሲን ከወንበሩ። "ቁጭ በል። ለኔም ቅዳልኝ።"

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠጡ፤ ሌላው ሰው ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ። ሲበተኑ ቪጂን ወንበሮቹን አብሮኝ አነሳና፣ "ዴልፊና፣ ያስተማርኳቸውን እኮ ነው መልሰው ያነበቡልኝ" አለኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ አንድ ጠርሙስ በአንድ እጁ፣ ወረቀቱን በሌላው ይዞ ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። በር ያንኳኳል፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው ይናገራል፣ እስኪቀምሱለት አይሄድም። አንዳንዱ ሲመጣ በመስኮት አይቶት የለሁም ያስብላል። አንዳንዱ ይቀምስና "ጥሩ ነው፤ ግን…" ይላል። እስከ የካቲት ድረስ ያመኑት ስድስት ቤቶች ናቸው፤ የእኔን ጨምሮ። ማታ ማታ ቁጥሩን ለሴንሲን ይነግረው ነበር፤ ሴንሲንም የትኛው ቤት እንደሆነ ይጠይቀው ነበር።

ሴንሲን በየካቲት ሃያ ሦስት ሞተ። ቀባሪው ብዙ ነበር፤ ደግ ሰው ነበር አሉ፣ ስለ ጠጁ ግን አንድም ሰው አላነሳም። ቪጂን ከመቃብሩ ሲመለስ ጥቁር ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ጠርሙሱን ከቤት አውጥቶ የሥጋ ሻጩን በር ሲያንኳኳ ከአጥሬ ላይ ሆኜ አየሁት።