ሻይ ያዘዘው ጂን

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ከአስር ሰላት በኋላ... ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለ ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ይዋኝብኝ ጀመር። ቀጥሎ ላብ መጣ። በዚያ በነፋሻው ከሰዓት ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ስኳሬ ወርዷል።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ሀርጌሳ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ከበርበራ ወደብ ጭነት ሳመላልስ የኖርኩ ሾፌር። ስኳር ሲይዘኝ ከመሪ ወረድኩ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ... ሐኪሙ ድባቴ ነው ብሎ ኪኒን ጻፈልኝ። አለቃዬ «ዲፕሎማ ካመጣህ ቢሮ አስገባሃለሁ» ስላለኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ኮድቡር ሰፈር ካለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ሎጂስቲክስ እማራለሁ።

ልጆቹ «አዴር» ነው የሚሉኝ፤ አጎቴ እንደማለት። ሕመሜን ግን ለአንዳቸውም አልነገርኩም። ስኳሩ ባያሳፍር የጭንቅላቱ ነገር ያሳፍራል፤ አንዱን ከተናገሩት ደግሞ ሌላው ተከትሎ ይወጣል።

ኪሴ ውስጥ ከረሜላ ነበር። ሁልጊዜም አይጠፋም። እጄን ልልክ ስል ዴስኩ ላይ ተደፋሁ።

አስተማሪው ስልክ ሊያናግር ወጥቶ ነበር። የክፍሉ አለቃ መሀድ፣ ቁርኣን በቃሉ የያዘ ልጅ፣ ስንቀጠቀጥ ሲያይ ጂን ነው ብሎ ደመደመ። እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጭኖ አያተል ኩርሲ የሚባለውን የቁርኣን አንቀጽ ይቀራ ጀመር።

እዚህ ላይ ታዘቡኝ። እሰማለሁ። ቁርኣን ሲቀራ ዝም ብለህ አድምጥ ተብለን ነው ያደግነው። በመሀል ገብቶ «ወንድሜ፣ ከረሜላ ስጠኝ» ማለት አደብ ማጣት መሰለኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ቢያንስ ያኔ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይሄ ነበር...

መሀድ አንቀጹን ሲጨርስ እንደ ደንቡ ጂኑን ወደ መጠየቅ ገባ። ማን ነህ? ከየት መጣህ? ከዚህ ሰውዬ ምን ትፈልጋለህ? ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። እንደነገሩኝ ግን መለስኩ። በአማርኛ።

ክፍሉ ተተራመሰ አሉ። አንዱ «ጂኑ ሐበሻ ነው» ብሎ ወደ በሩ ሸሸ። ሌላው ሐበሻ ጂን በሶማልኛ ቢያዙት ይሰማ እንደሆነ ጠየቀ። መሀድም ትንሽ ደንገጥ ካለ በኋላ፣ ቁርኣኑን ከሰማ ቋንቋ አያግደውም ብሎ አረጋጋቸው።

ከመሀላቸው አማርኛ የምታውቅ አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ሆዳን ትባላለች፤ ጅግጅጋ ነው ያደገችው። ምን አለ ብለው አፋጠጧት።

«ሻይ እፈልጋለሁ ነው የሚለው» አለች። «ስኳር የበዛበት።»

ማንም አልተጠራጠረም። ጂን ከመልቀቁ በፊት አንድ ነገር እንደሚጠይቅ እዚህም እኛም አገር የታወቀ ነው። አንዱ ሮጦ በር ላይ ካለችው ሻይ ሻጭ አመጣ፤ መሀድ ቀራበትና ትፍ ትፍ አለበት፤ ልጆቹ ቀና አድርገው ይዘውኝ፣ ሆዳን «በቀስታ» እያለች ጉንጭ በጉንጭ አስጠጣችኝ።

ትንሽ ቆይቶ ዓይኔ በራ። ጂኑ ወጣ ተብሎ በ«አላሁ አክበር» ተክቢራ ሆነ። መሀድን «ጀዛከላህ፣ አላህ ይክፈልህ» አልኩት፤ ከልቤ ነው። የቁርኣኑን ድርሻና የስኳሩን ድርሻ የምለይ እኔ ማን ነኝ?

ስንወጣ ሆዳን በሩ ላይ ጠበቀችኝ። የጅግጅጋ ልጅ ስለሆነች ለትልቅም ለትንሽም «አንተ» ነው የምትለው።

«አዴር፣ ስኳር አለብህ አይደል?»

እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ እንዳለባት፣ መርፌዋን የኮሌጁ ሽንት ቤት ውስጥ ተደብቃ እንደምትወጋ ነገረችኝ። ላቤን አይታ ነው ያወቀችው። እኔም ልቀልድ ብዬ ጂኔ ሻይ ማዘዙ ደግ እንዳደረገ ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ሻይማ አላልክም» አለች። «ተዉኝ፣ እሷ ጋ ልሂድ ነው ያልከው።»

ባጃጆች እየጮሁ አለፉ። እሷ ያልኳት ባለቤቴን ነው።

«መርፌህን ወግተህ ምሳህን የተውከው ረስተህ ነው?» መርፌ ተወግቶ አለመብላት ስኳርን እንዲህ እንደሚጥል ከራሷ ታውቃለች።

ራስን መጉዳት ሐራም መሆኑን የማውቅ ሰው ነኝ። ምንም አስቤ አልነበረም። ግን ሩዙን አይቼ፣ አልዋጥ ብሎኝ፣ መልሼ ክድን አድርጌ ስነሳ... ምን እንደሚከተል አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። ኪሴ ያለውን ከረሜላም ቁርኣኑ ብቻ አልነበረም ያስቀረብኝ።

«ረስቼ አይደለም፣ ልጄ» አልኳት። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

አላለቀሰችም፤ አልመከረችኝምም። ሐኪምህ ያውቃል ወይ ብቻ ነው ያለችኝ። ሶማልኛዬ ለጎማና ለጭነት እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር እንደማይበቃ ነገርኳት። እውነቱን ለመናገር፣ ሐኪሙ እንዴት ነህ ሲለኝ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ኪኒኔን ተቀብዬ ነው የምወጣው።

«ነገ አብረን እንሄዳለን፤ እኔ አስተረጉምልሃለሁ» አለች። ጥቂት ራመድ ብላ ደግሞ ዞር አለች። «ይሄንን ግን እንዳለ ነው የምተረጉመው።»

ሄድን። አንድም ቃል አልዘለለችም። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነበር። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ... ወረፋ የያዘ ሰው ውጭ እያለ፣ ብዙ አወራን። መድኃኒቱ ተቀየረ፤ በየሳምንቱ ና ተባልኩ።

ዳንኩ አልላችሁም። ዛሬም ለሱብሂ ተነስቼ ከሰገድኩ በኋላ ቀኑ ተራራ ይሆንብኛል። ግን ምሳዬን ሳልበላ ክፍል አልገባም፤ ሆዳን ከወዲያ ጥግ በእጇ «በላህ?» ትለኛለች፣ እኔም መልሼ እሷን እጠይቃለሁ። ክፍሉ የምንነጋገረው ስለ ጂኑ ይመስለዋል።

«ልሂድ» ስትሉ «ሻይ ነው የሚለው» ብሎ የሚያስተረጉምላችሁ ሰው አላህ ይስጣችሁ።