ነዳጅ የማይጠጣው ሞተር

ባለፈው ጥር ከጨለለቅቱ ከተማ ወዲያ ባለች አንዲት ኮረብታማ መንደር የውሃ ምረቃ ላይ ተገኝቼ ነበር። የጋበዘኝ የወንድሜ ልጅ ነው፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ያስመጣል፣ ይሸጣል። ድንኳን ተጥሏል፣ ሪባን ተወጥሯል፣ ከወንዙ ዳር እስከ ኮረብታው አናት አዲስ ቧንቧ ተዘርግቷል። ሕዝቡ እንዲሰበሰብ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከዋንዛው ላይ የተንጠለጠለውን ብረት በድንጋይ መታው። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ወዲያው ሊመርቅ የመጣው ባለሥልጣን ማይክራፎኑን ያዘና፣ “ይህ ኮረብታ ከተፈጠረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሽቅብ ወጣ!” ብሎ አስጨበጨበ።

ለመጀመሪያ ጊዜ! ደሜ ፈላ። “ጥያቄ ያለው?” ሲል እጄን አወጣሁ። ዓይኑ በላዬ አልፎ ሄደ። እናቴ ብትኖር “ሙኒራ፣ ሆድ ይፍጀው በይ” ትለኝ ነበር። አይ እናቴ! የእኔ ሆድ ስንቱን ይፍጅ?

የደርግ ዘመን ነው። አባቴ ከስልጤ መጥቶ ዲላ ውስጥ የመኪና መለዋወጫና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ዓይኑ ሲደክም ሱቁ በእኔ እጅ ገባ፤ ገና ወጣት ነበርኩ። “ሴት ልጅ ስለ ቡሎን ምን ታውቃለች?” የሚል ሹፌር አይጠፋም ነበር። ልኩን ሳልለካ በእጄ መዝኜ የጠየቀውን ስሰጠው አፉን ይዘጋል። ከሱቃችን ፊት ለፊት ጋራዥ ነበር፤ በራሶ የሚባል በያጅ ይሠራበት ነበር። ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማረ የጌዴኦ ልጅ፣ ጴንጤ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚስቅ። ያለቀ ብረት ሲያይ ዓይኑ ይበራል፤ እኔም ያለቀ ብረት ሳይ የሚገዛው ሰው ይታየኛል። ስለዚህ ተግባባን።

እናቱ እማማ አበበች ምረቃው በተደረገባት በዚያችው ኮረብታ ላይ ነበር የሚኖሩት። ወንዙ ከታች ይሮጣል፤ ሴቶቹ በጭቃው ዳገት እንስራ ተሸክመው ይወጣሉ። በአንዱ ክረምት እማማ አበበች ከነእንስራቸው ተንሸራተው ዳሌያቸው ተጎዳ። ወጌሻ አሻቸው፤ አልዳነም። ቢሆንም ያለ ውሃ አይኖርምና በዱላ እየተደገፉ ይወርዳሉ።

“ወንዙ በከንቱ እየዘለለ ቁልቁል ይሄዳል” አለኝ በራሶ አንድ ቀን፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ። “እናቴ ደግሞ እየዳኸች ሽቅብ ታወጣዋለች። ይሄ ፍርድ ነው? ራሱ ወንዙ ያውጣው።”

“ምን ማለት ነው ራሱ ያውጣው? አበድክ እንዴ?”

ተማሪ ሳለ መጽሐፍ ላይ ያየውን በጠመኔ ወለሉ ላይ ሣለልኝ። ውሃው ከከፍታ በወፍራም ቧንቧ እየተንደረደረ ይመጣል፤ በድንገት ክዳን ይዘጋበታል፤ መሄጃ ሲያጣ በንዴቱ ጥቂቱ ወደ አንድ የታሸገ በርሜል ይገባል፤ በርሜሉ ውስጥ የታመቀው አየር ደግሞ ያንን ውሃ በቀጭን ቧንቧ ወደ ዳገቱ ይገፋዋል። ክዳኑ እንደገና ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። ነዳጅ የለ፣ መብራት የለ። አብዛኛው ውሃ ተመልሶ ወንዝ ይገባል፤ ጥቂቱ ግን ቀንም ሌሊትም ይወጣል። ሲገባኝ ተነሥቼ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ክዳኑን ከተቃጠለ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሞተር ቫልቭ ሠራነው። በርሜሉን ከባዶ የጋዝ ሲሊንደር። ሽቅብ የገባው ውሃ እንዳይመለስ የሚያግደውን ላስቲክ አየር ከሚነፋበት የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪ ቆረጥነው። ቧንቧው ከአባቴ መጋዘን ወጣ። አባቴ “ሞኝ ልጅ!” አለኝ፤ ግን አልከለከለኝም።

የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። ከዲላ በቡና ጫኝ መኪና ላይ ተሳፍረን ስንሄድ መንገዱ ዳር ሁሉ ቀይ ቡና ተሰጥቶ፣ የገለባው ሽታ ኮምጠጥ ጣፈጥ እያለ እስከ መኪናው ድረስ ይመጣ ነበር። የመንደሩ ሰዎች ሲሊንደሩን በወሳንሳ አድርገው ወደ ወንዙ አወረዱልን። በራሶ ክዳኑን በእጁ ደጋግሞ ከገፋው በኋላ በራሱ መምታት ጀመረ፦ ጧ… ጧ… ጧ…። ሽቅብ ሮጥን። የቧንቧው ጫፍ ሳለ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። እማማ አበበች እጃቸውን ሰድደው ቀመሱና፣ “ዝገት ዝገት ይላል” አሉ። ከዚያ ዱላቸውን ጥለው ሳቁ። ምን ዓይነት ሳቅ! ያን ቀን በኮባ ቅጠል ላይ ቆጮ በአይብና በጎመን፣ ዳጣውም በጎን ቀረበልን፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

ወሬ እግር አለው። ራቅ ካለችው መንደር ከአሪቻ ሳይቀር ሽማግሌዎች መጥተው አዩ፤ “ለእኛስ መቼ?” አሉ። እኔ በሐሳቤ የሱቁን ታፔላ ቀይሬዋለሁ።

ከእነሱ በኋላ ካድሬው መጣ። ጠብመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየመረጠ እየረገጠ ወደ ወንዙ ወረደ።

“በምንድን ነው የሚሠራው?”

“በውሃ ነው ጓድ” አለ በራሶ።

“ውሃውን የሚያወጣው ምንድን ነው ነው የምልህ!”

“ውሃው ነው፣ ጓድ። ራሱ።”

“ትቀልድብኛለህ? የአውራጃው መኪና ነዳጅ በኩፖን ነው የሚቀዳው! ቀንና ሌሊት የሚመታ ሞተር ያለ ነዳጅ? ከየት ነው የምታመጡት? ማነው የሚያቀብላችሁ?”

እኔ ምላሴ አያርፍ። “ጓድ፣ እስቲ ጎንበስ ብለው ያሽትቱት። ቤንዚን ከሸተተዎት ያኔ ይሰሩን” አልኩት።

ጎንበስ ማለት ለካ ለባለሥልጣን ከባድ ነው። አላጎነበሰም። “የኢኮኖሚ አሻጥር” አለና አሳሰረን።

እንግዲህ ፍረዱ! ዲላ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ጠዋት ጠዋት እየተጠራን የምንጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ “ነዳጁን አምጡ።” የሰረቀ የሰረቀውን ይመልሳል። የሌለ ነገር ከየት ይመጣል? በራሶ በትዕግሥት ያንኑ ሥዕል በግድግዳቸው ላይ ይሥልላቸዋል፤ እነሱ ይስቃሉ። “ይሄ ጴንጤ ጸሎት ነው የሚነዳው ሊለን ነው” አለ አንዱ።

እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ደጅ ጠንቶ አስፈታኝ። በራሶ ግን የገበሬ ልጅ ነው፤ ደጅ የሚጠናለት አንካሳ እናት ብቻ ነው ያለው። ለብሔራዊ ውትድርና ጫኑት። መኪናው በሱቃችን በር ሲያልፍ በሰው መሐል ቆሞ አየኝና ጮኸ፦

“ሙኒራ! ላስቲኩን ቀይሪው! ቶሎ ያልቃል!”

ስለ ራሱ አንዲት ቃል አልተናገረም። ስለ ላስቲኩ!

ላስቲኩን ቆርጬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ወንዙ ዳር ስደርስ ቧንቧዎቹ ተነቅለው ተወስደዋል። ነዳጁን ፍለጋ ሲሊንደሩን በመጋዝ ቆርጠው ቂጡን አውጥተውታል። ምን አገኙ? ውሃና አየር። “ተሳስተናል” ያለ ሰው ግን የለም። የተረፈውን ሲሊንደር ኮረብታው ላይ ዋንዛ ላይ ሰቀሉት፤ ለስብሰባ መጥሪያ። ስለ ምርት ዕድገት ሊያስተምሩ ይመቱታል፣ ሴቶቹ እንስራቸውን አስቀምጠው ይመጣሉ፣ ሲያልቅ እንስራቸውን አንሥተው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። እማማ አበበችም እንዲሁ፣ በዱላቸው። አንድ ጊዜ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ “ያ ብረት ሲመታ እኮ ከታች የሱ ሞተር የተነሣ ይመስለኛል። ልጄ የመጣ ይመስለኛል” አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ አልመጣም። ሞተ ብሎ ያረዳቸውም የለም።

ምረቃው ሲያልቅ ባለሥልጣኑ ወደ ግብዣው ሄደ፤ እኔ ወደ ዋንዛው። ፓምፑን የተከለችው ኢንጂነር፣ በዕድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ፣ ተከትላኝ መጣች።

“እማማ፣ እጅዎን አውጥተው ነበር አይደል? አይቼዎት ነበር።”

የሲሊንደሩን አናት አሳየኋት። በራሶ የበየደው የቧንቧ አፍ አሁንም እዚያው አለ። በእንጨት መሬት ላይ ያንን ሥዕል ሣልኩላት። ሳልጨርስ፣ “አየሩ እዚህ ይታመቅና ውሃውን ይገፋዋል! ነዳጅ አያስፈልገውም!” ብላ ጮኸች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ወዲያው ነው የገባት። እንባዬ የመጣው ከሐዘን እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው።

ልጅቱ ብረቱን በመዳፏ ዳሰሰችው። “ማነው የሠራው? አሁን የት ናቸው ሰውዬው?”

“ልጄ” አልኳት፣ “እጄን ያወጣሁት እኮ እሱኑ ልጠይቅ ነበር።”