ሐምሌ ላይ የሚጸድቅ በጀት

የፊዚክስ መምህር ነኝ። የማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመተማ ዮሐንስ ወደ ጎንደር ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚታረስበት ቆላ ውስጥ ነው። በበጋ አይሱዙው ሰሊጥ ሊጭን ይመጣል፤ ባጃጅም አልፎ አልፎ ይደርሳል። ክረምት ሲገባ ግን ጥቁሩ ዋልካ አፈር ጎማ ይውጣል። ከአስፋልቱ የሚለየን ወንዝ ድልድይ የለውምና እሱም ይሞላል። ያኔ ከትራክተር በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አይኖርም። ወንዙ ሲብስበት ትራክተሩም አይደፍረውም።

ይህን የማያውቅ የለም። ቀበሌው ያውቃል፣ ወረዳው ያውቃል፣ ግብር ሰብሳቢው ከሁሉም በላይ ያውቃል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በጥር ይመጣል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አገር አቀፍ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄደው እንዲወስዱ ከተደረገ ወዲህ የእኛ ልጆች መከራ ጨመረ። ፈተናው በክረምት ነው፤ የእኛ ልጆች የሚፈተኑት ደግሞ ጎንደር ሄደው ነው።

በዚያ ዓመት ከማስተምራቸው መካከል ብዙ ተስፋ የጣልሁባት አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አገሩ በሙሉ ሐጂ ይላቸዋል። ልጅቱ ከስኳሩ ኩንታልና ከሳሙናው ካርቶን መካከል ተቀምጣ ስታጠና አያት ነበር። ደንበኛ ሲመጣ ትነሳለች፣ ሸጣ ትመለሳለች፣ ያቆመችበትን መስመር አትስተውም። ሐኪም መሆን ትፈልግ ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፤ እዚህ አገር የኖረ ሰው ይህን አይጠይቅም።

ለጉዞ በተቀጠረልን ቀን ጠዋት ተማሪዎቹን በሁለት የትራክተር ተሳቢ ጭነን ወጣን። ወረዳው የመደበው አውቶቡስ ከወንዙ ማዶ፣ ከአስፋልቱ በሚመጣው ጠጠር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ልጆቹ ቦርሳቸውን በፌስታል ሸፍነው ዳር ዳሩን ተቀመጡ። ሹፌሩ ከመኪናው ወርዶ እጁን አወዛወዘልን፤ እኛም አወዛወዝን። መነጋገር አልተቻለም፣ የውሃው ድምፅ ሌላውን ሁሉ ውጦታል። እስከ ቀትር ጠበቅን። ከቀትር በኋላ እንደገና ዘነበ።

ከወንዶቹ አንዱ ዋና የሚችል ነበር። ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ተሻገረና ማዶ ካለው ግራር ጋር አሰረው። ጥቂቶቹ ገመዱን ይዘው ተከተሉት። አንዱን መሀል ላይ ውሃው ገለበጠው፤ ከኋላው የነበረው ሸሚዙን ጨምድዶ ባይይዘው ኖሮ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይገባ ከለከልሁ።

የሐጂ ልጅ ጫማዋን አውልቃ ወደ ገመዱ ስትሄድ ክንዷን ያዝሁት።

«መምህር፣ አውቶቡሱ እኮ ይታያል» አለችኝ።

«ይታያል» አልኋት። ክንዷን ግን አልለቀቅሁም።

ሲመሻሽ አውቶቡሱ የተሻገሩትን ብቻ ይዞ ሄደ። በማግስቱም ወንዙ አልጎደለም። በሦስተኛው ቀን ፈተናው ተጀመረ። እኔና ርዕሰ መምህሩ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥተን ለሚመለከተው ሁሉ ደወልን። የቀሩት በሚቀጥለው ዓመት በግል መፈተን ይችላሉ ተባልን። በግል! ወንዙን ከቤታችን ይዘነው የመጣን ይመስል።

ሐጂ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ልጃቸውን በሕይወት ስለመለስሁላቸው አመሰገኑኝ። ምስጋናቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ጥር ላይ በክልሉ ምክር ቤት የሚወክለን ሰው መራጮቹን ሊያነጋግር መጣ። ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ወንበር ደረደርንለት። ሲጀምር ስለ ጉዞው ነገረን፤ ከመተማ እዚህ ድረስ ሳይቸገር መድረሱን፣ መንገዱም እንደሚወራው እንዳልሆነ። መኪናው ላይ የነበረው አቧራ ብቻ ነበር።

ሐጂ ተነሱ። በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ክረምቱን እንደ ሱዳኖቹ ኸሪፍ ነው የሚሉት።

«ልጄ ሰንፋ አልቀረችም፤ ታማም አይደለም» አሉ። «ኸሪፍ መጥቶ ነው። እናንተ በጀት የምታጸድቁት በሐምሌ ነው አሉ። እንግዲያው አንድ ሐምሌ እዚህ መጥታችሁ አጽድቁልን። እኛ ምሳ እናበላችኋለን። መሻገሪያውን ግን እናንተው ታውቃላችሁ።»

ሰው ሳቀ። ተወካዩም አብሮ ሳቀና ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ገለጸ። ተገቢ የምትለዋን ቃል እስከዚያ ቀን እወዳት ነበር።

ሐጂ ግን ነገሩን አልተዉትም። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት የምክር ቤቱ ሰዎች ሕዝብ ያነጋግራሉ ሲባል ሰምተው ወደ ክልሉ ዋና ከተማ አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። ሄድን። መንገዱ በየኬላው እያስወረደ አሰለቸን፤ ሐጂ እግራቸው አብጦ ደረሱ። አዳራሹ ውስጥ ተራችን ሲደርስ እኔ ተናገርሁ። የምንጠይቀው አስፋልት አለመሆኑን፣ አንድ ድልድይና በክረምት የሚያስኬድ ጠጠር መንገድ፣ በላዩም ቋሚ የሕዝብ አውቶቡስ መሆኑን አስረዳሁ። ሰሊጣችን የውጭ ምንዛሪ ያመጣል እየተባለ በየመድረኩ እንደሚነገርልን፣ ሰሊጡ የሚወጣበት መንገድ ግን በበጋ ብቻ እንደሚታሰብ ተናገርሁ። ሰብሳቢው ሰዓት እንዳከብር አሳሰበኝ። ከዚያ ሐጂ ከተቀመጡበት፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ «ድልድዩን ባትሠሩም አንሠራም በሉን፤ ልጆቻችንን በባዶ ተስፋ አናስተምር» አሉ። ሰብሳቢው አልሰማቸውም፤ ወይም ሰምቶ ወደ ሌላው ተናጋሪ አለፈ።

ያም ሆኖ መሐንዲሶች መጡ። ወንዙን ለኩ፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተከሉ። ሕዝቡ በግ አርዶ አበላቸው። በሐምሌ በጀቱ ጸደቀ፤ የእኛ ወንዝ አልነበረበትም። ለሚቀጥለው ዓመት ተሻገረ ተባልን። እኛ ያልተሻገርነውን ወንዝ ጥያቄያችን በየዓመቱ ይሻገረዋል።

ልጅቱ እንደገና ለመፈተን አልመጣችም። ሚያዝያ ላይ ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። ሐጂ አላስገደዷትም፤ እንዲያውም ፈተናው እስኪያልፍ ይቆይ ብለው ነበር። እሺ ያለችው ራሷ ናት። እናቷ ምክንያቷን ስትጠይቃት ወንዝ ዳር ተቀምጦ መጠበቅ እንደማትችል ነገረቻት።

ከዚያ ወዲህ ተፈታኞቻችንን ገና ሰኔ ሳይጠና ወደ መተማ ዮሐንስ እናወርዳቸዋለን። ሐጂ እዚያ ያለውን የዘመዳቸውን ግቢ ለሴቶቹ አስለቀቁላቸው፤ ወንዶቹ መጋዘን ውስጥ ያድራሉ። ዘመድ የሌለውና የሚበላውን መያዝ ያልቻለው ይቀራል። አምና የወረዳው ሪፖርት ሲነበብ ተገኝቼ ነበር። የተፈታኞች የመጓጓዣ ችግር በኅብረተሰቡ ተሳትፎ ሙሉ በሙሉ መፈታቱን አነበቡ። ተጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጡት ሐጂ እጃቸውን ከጉልበታቸው አላነሱም።

«አየህ መምህር» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «አሁንማ ማን ይሠራልናል?»

ሰሞኑን ለደመወዝ ጉዳይ መተማ ወርጄ ልጅቱን ከባሏ ሱቅ አገኘኋት። ልጅ ታቅፋለች። ወንበር አውጥታ አስቀመጠችኝ፤ ስለ መምህራኑ፣ ስለ ጓደኞቿ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ስለ ድልድዩ አልጠየቀችኝም። ዳመናው ሲጠቁር አይታ፣ ዛሬ ካላደርሁ ቶሎ ብነሳ እንደሚሻለኝ ነገረችኝ፤ ተነስቼ ሄድሁ።