አክስቴ በመንገድ ላይ የምትጠይቀው ጥያቄ

አክስቴ ከሶዶ ወደ በዴሳ በሚኒባስ ስትሄድ ሁልጊዜ ጋቢና ትቀመጥና በየመንደሩና በየወንዙ «ይሄስ ማን ይባላል?» ትል ነበር። ሾፌሩ «እማማ፣ ቱሪስት ነዎት እንዴ?» ሲላት «አዎ፣ ገና መምጣቴ ነው!» ትለዋለች።

ምክንያቱን ላስረዳ። ቤይሩት በሰው ቤት ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመት በር ተቆልፎባት ኖራለች። ከከተማው የምታውቀው ከበረንዳ የሚታየውን አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ስሙን እንኳ የነገራት የለም።

እኔ ግን ለማስተማር በዚያው በሶዶና በዴሳ መንገድ ስመላለስ የተማሪ ደብተር ከማረም ቀና ብዬ አላውቅም። ከቀብሯ በኋላ የጋቢና ቦታዋን ባዶ አግኝቼ ተቀመጥሁበት። ወንዝ ስንሻገር ስሙን ጠየቅሁ። ሾፌሩ ነገረኝ።

«እኔም ያወቅሁት እማማ ሲጠይቁኝ ባለማወቄ አፍሬ፣ ሽማግሌ ፈልጌ ጠይቄ ነው» አለኝ።